ሾፌሩ የነገረን የተሳፋሪው ታሪክ

ከሰሞኑ ፖለቲካ ለአንድ ቀን ወጣ ብለን ስለ ፊልም እናውራ። ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ አሁን ጊዜ የሌላችሁ አስቀምጡትና ማታ ተመለሱበት። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የምጽፈው ዕዳ ስላለብኝ ነው። በ2019 «ግሪን ቡክ» የኦስካር ምርጥ ፊልም ተብሎ በተሸለመ ሰሞን ለአንድ መጽሔት የአንድ ገጽ አስተያየት ጽፌ ነበር። ፊልሙን ያየሁት በፍላሽ ተገልብጦ በመጣ ቅጂ ነው። መጨረሻው ላይ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ በዚያው ስሜት ቁጭ ብዬ «ዘረኝነትን የሚያክም ፊልም» የሚል ርእስ ሰጥቼ ላክሁት። አርታኢው አንድ ቃል ሳይነካ አተመው። ዛሬ ሳነበው ምነው በነካው ኖሮ እላለሁ።

ጽሑፉን ዋሽንግተን ላሉት አጎቴም ላክሁላቸው። ጋሼ እዚያ ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተዋል። በሳምንቱ ደወሉ። «አንብቤዋለሁ፤ አማርኛህ ጥሩ ነው» አሉና ዝም አሉ። ጽፎ የሚያውቅ ሰው ይህች ምስጋና ምን ማለት እንደሆነች አያጣትም። ቀጠሉና «አንድ ነገር ልጠይቅህ። ይሄን ታሪክ የነገረን ማነው? ሾፌሩ ነው ተሳፋሪው?» አሉኝ።

«ሾፌሩ ነው ጋሼ።»

«በል እንግዲህ። እኔ ስንት ሺህ ሰው ጫንኩ? ከኋላዬ የተቀመጠው ሰው ምን እንደሚያስብ አንድም ቀን አውቄ አላውቅም። በመስታወት ግንባሩን አያለሁ። ሲስቅ እስቃለሁ። ሲወርድ ጉርሻ ይሰጠኛል፣ አለቀ። አሁን እኔ ልጆቼን ሰብስቤ ስለዚያ ሰው ፊልም ሥሩ ብላቸው ምን ሊሠሩ ነው? ስለ እኔ ነዋ የሚሠሩት።»

ያን ቀን ተከላከልሁ። ቆይቼ ግን ነገሩን ማገላበጥ ጀመርሁ፤ ከፊልሙ ወደ ታሪኩ፣ ከታሪኩ ወደ መጽሐፉ እየሄድሁ ብዙ አነበብሁ።

ላላያችሁት ፊልሙ እንዲህ ነው። ጊዜው 1962 ነው። ቶኒ ቫለሎንጋ ኒው ዮርክ ውስጥ ኮፓካባና የተባለው የምሽት ክበብ ጠባቂ ነው፤ የሚበጠብጥ ሰው እያነቀ የሚያስወጣ፣ ቁጡ፣ በላተኛ፣ ለቤተሰቡ ግን ሟች የሆነ ኢጣሊያዊ አሜሪካዊ። ክበቡ ለእድሳት ሲዘጋ ሥራ ፈት ይሆናል። ዶናልድ ሸርሊ የተባለ ጥቁር ፒያኒስት ደግሞ ወደ ደቡባዊው የአሜሪካ ክፍል ለኮንሰርት ሊሄድ ነውና ሾፌርም ጠባቂም የሚሆነው ሰው ይፈልጋል። ሁለቱ በካዲላክ ይነሣሉ፤ ነጩ ይነዳል፣ ጥቁሩ ብርድ ልብስ ጭኑ ላይ አድርጎ ከኋላ ይቀመጣል። በመንገድ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፤ የገና ዋዜማ ዕለት ሸርሊ በቶኒ ቤት ማዕድ ይቀርባል።

ፊልሙን የሠራው ፒተር ፋረሊ ከዚያ በፊት የሚታወቀው ሰውን በሳቅ በሚያፈርሱ ኮሜዲዎች ነበር። በ2018 መስከረም ቶሮንቶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ የተመልካቾችን ሽልማት ወሰደ። በ2019 የካቲት የኦስካር ሌሊት ሦስት ሽልማት አገኘ፤ ምርጥ ፊልም፣ ምርጥ ወጥ የፊልም ጽሑፍ፣ እና ሸርሊን ለተጫወተው ማኸርሻላ አሊ ምርጥ ረዳት ተዋናይ። በ23 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሠርቶ በዓለም ዙሪያ ከ300 ሚሊዮን በላይ አስገባ። የምርጥ ፊልሙ ስም ሲጠራ ስፓይክ ሊ ተነሥቶ ከአዳራሹ ሊወጣ ሞከረ ተባለ፤ በኋላ ለጋዜጠኞች «አንዱ ሌላውን በነዳ ቁጥር እኔ እሸነፋለሁ» የሚል ቀልድ ተናገረ። ቀልዱ ታሪክ አለው፤ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ለፊልሙ የሚገባውን ልስጥ። ትወናው ድንቅ ነው። አሊ አንገቱን ቀጥ አድርጎ የሚቀመጥበት መንገድ ብቻ ስለ ሰውየው ብዙ ይነግራል። ሸርሊ ሱፍ ሊለካ ሱቅ ገብቶ መጀመሪያ መግዛት አለብህ የሚባልበት፣ በተጋበዘበት ቤት ሽንት ቤት ሲጠይቅ ጓሮ ያለውን የእንጨት ጎጆ የሚያሳዩበት ትዕይንት ውሸት የለባቸውም፤ የዘመኑ እውነት ናቸው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ አንድም ቃል የሌለው ነው። መኪናዋ ግላ መንገድ ዳር ትቆማለች። ቶኒ ኮፈኑን ከፍቶ ይታገላል። ሸርሊ በሙሉ ሱፉ ወርዶ ይቆማል። ከአጥሩ ማዶ እርሻ ላይ ያሉት ጥቁር ገበሬዎች ሥራቸውን አቁመው ያዩታል፤ እሱም ያያቸዋል። ማንም ምንም አይልም። ፊልሙ ለጥቂት ጊዜ ከቶኒ ዓይን ወጥቶ ሸርሊ ውስጥ የገባው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ወዲያው መኪናዋ ትነሣለች፤ እኛም ወደ ቀልዱ እንመለሳለን።

አሁን ወደ ብርጭቆዎቹ ልሂድ። በፊልሙ መጀመሪያ ሁለት ጥቁር ሠራተኞች ቶኒ ቤት ለጥገና ይመጣሉ። ሚስቱ የሚጠጣ ነገር ትሰጣቸዋለች። ሲሄዱ ቶኒ የጠጡባቸውን ሁለት ብርጭቆዎች አንሥቶ ቆሻሻ ውስጥ ይጥላል። በጣም ጥሩ ትዕይንት ነው። (ለእኛም እንግዳ አይደለም። ከፋ ውስጥ ከማንጆ ሰው ጋር በአንድ ዕቃ አለመጠጣት ምን ያህል እንደቆየ የሚያውቅ ያውቀዋል። በየአካባቢው ሸክላ ሠሪና ቆዳ ፋቂ ላይ የተደረገውም ያው ነው።) ግን ይሄ ሰው ብርጭቆ ከመጣል ጥቁሩን አቅፎ ቤቱ እስከማስገባት የደረሰው በምንድን ነው? ፊልሙን ደግሜ አየሁት። የሚሰጠን መልስ ሸርሊ ፒያኖ ሲመታ ቶኒ መደነቁ ነው። ሸርሊ ለሚስቱ ደብዳቤ ስለጻፈለትና አብረው የተጠበሰ ዶሮ ስለበሉም ነው። እንዲህ ከሆነ ብርጭቆ የተጣለባቸው ሁለቱ ሠራተኞች ምን ሊያደርጉ ነው? ፒያኖ አያውቁ፣ ካዲላክ የላቸው። ቶኒ ስለ እነሱ ሐሳቡን ለመለወጡ ከፊልሙ ምንም ማስረጃ አናገኝም።

የፊልሙን ጽሑፍ ከዳይሬክተሩና ከብራያን ከሪ ጋር የጻፈው ኒክ ቫለሎንጋ ነው፤ የቶኒ ልጅ። ቶኒና ሸርሊ ሁለቱም የሞቱት በ2013 በሦስት ወር ልዩነት ነው። ፊልሙ ሲወጣ የሸርሊ ቤተሰብ ተቆጣ። በሕይወት የነበረው ወንድሙ ሞሪስ ሸርሊ ፊልሙን «የውሸት ሲምፎኒ» አለው። ፊልሙ ሸርሊን ከወንድሙ ጋር የተቆራረጠ፣ ከጥቁሩ ሕዝብም የተነጠለ ብቸኛ አድርጎ ያሳያል፤ ቤተሰቡ ይህን ፈጽሞ አልተቀበለውም። የወንድሙ ልጅ ደግሞ አጎቱ ከብዙ ዓመት በፊት ስለ ፊልሙ ተጠይቆ እምቢ ማለቱን መሰከረ። ማኸርሻላ አሊ ራሱ ደውሎ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሸርሊን በቅርብ የሚያውቁ ዘመዶች ስለመኖራቸው አላውቅም ነበር አለ። ኒክ በበኩሉ ሸርሊ ታሪኩን የነገረው እኔ ከሞትኩ በኋላ ትሠራዋለህ፣ ሌላ ሰው አታናግር ብሎ ነው ይላል። ሸርሊ በድምፁ ተቀርጾ ከቶኒ ጋር የነበራቸው ነገር የአሠሪና የሠራተኛ ብቻ እንዳልነበረ፣ ያምነው እንደነበር ሲናገርም ተሰምቷል። እኔ ሁለቱንም ወገን አምናለሁ። ሁለቱ ሰዎች ወዳጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ሆኖም አንድ ሰው ስለ ወዳጁ የሚያውቀው ወዳጁ ያሳየውን ያህል ነው፤ ፊልሙ ግን ያልታየውንም ሞላው።

በምን ሞላው? እኔን ጽሑፌን እንድመልስ ያደረገኝ ይሄ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሸርሊ አሪታ ፍራንክሊንንና ሊትል ሪቻርድን አያውቅም፤ የተጠበሰ ዶሮ በልቶ አያውቅም፤ ከነዚህ ጋር የሚያስተዋውቀው ቶኒ ነው። እንዲያውም ቶኒ አንድ ቦታ ላይ ካንተ ይልቅ እኔ ጥቁር ነኝ ይለዋል። እውነተኛው ሸርሊ በ1927 ፍሎሪዳ ውስጥ ፔንሳኮላ የተወለደ የጃማይካ ስደተኞች ልጅ ነው፤ አባቱ ቄስ፣ እናቱ አስተማሪ። ፔንሳኮላ ደቡብ ነው። ደቡብን ሊያይ በቶኒ መኪና የሄደ እንግዳ አልነበረም፤ የተወለደበት ነው። በ18 ዓመቱ ከቦስተን ፖፕስ ኦርኬስትራ ጋር ቻይኮቭስኪን ተጫወተ። ክላሲካል ፒያኒስት ሊሆን ሲነሣ ግን ሶል ሁሮክ የተባለው ስመ ጥር የኮንሰርት አዘጋጅ የአሜሪካ ሕዝብ ጥቁር ፒያኒስት በዚያ መድረክ ላይ አይቀበልም ብሎ መከረው። ሸርሊ በሦስት ሰው ባንድ፣ በፒያኖ፣ በቼሎና በባስ፣ ምንም ስም የማይገኝለት የራሱን ሙዚቃ ፈጥሮ በየክበቡ ሲጫወት የኖረው ለዚህ ነው።

ያ ባንድ በሕዝብ ዘንድ የታወቀበት ሙዚቃ ምን ይመስላችኋል? «ዋተር ቦይ» ይባላል፤ በ1961 በአሜሪካ የሽያጭ ሰንጠረዥ 40ኛ ደረጃ ደርሷል። «ዋተር ቦይ» የጥቁር የጉልበት ሠራተኞች የሥራ ዜማ ነው፤ ፀሐይ ላይ መዶሻ የሚያነሡ ሰዎች ውኃ የሚያመላልሰውን ልጅ የሚጠሩበት። እንግዲህ አስቡት። ፊልሙ ከሚጀምርበት ዓመት አንድ ዓመት ቀድሞ የወገኖቹን የግዞት ዜማ ወስዶ በፒያኖ ያስደመጠውን ሰው፣ የምሽት ክበብ ጠባቂ የጥቁሮችን ሙዚቃ ሲያስተምረው እያየን ነው የምናለቅሰው። ዱክ ኤሊንግተን በ1974 ሲሞት መታሰቢያ የሚሆን የኦርኬስትራ ሙዚቃ የጻፈለትም ይኸው ከጥቁርነቱ ተነጥሏል የተባለው ሸርሊ ነው።

ወደ መጽሐፉ እንምጣ። ፊልሙ ስሙን የተዋሰው ከእሱ ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ግን ብልጭ ይልና ይጠፋል፣ ያውም በቶኒ እጅ። ቪክተር ሁጎ ግሪን ሃርለም የሚኖር፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ደብዳቤ የሚያድል ፖስተኛ ነበር። በ1936 ለጥቁር ባለመኪናዎች ትንሽ መምሪያ አሳተመ፤ መጀመሪያ ኒው ዮርክና አካባቢውን የሚሸፍን ነበር። ከዚያ እየሰፋ አገሩን ሁሉ አካለለ፣ ካናዳና ሜክሲኮ ገባ። የትኛው ሆቴል ያሳድራል፣ የትኛው ምግብ ቤት ያስተናግዳል፣ የትኛው ነዳጅ ማደያ ሽንት ቤቱን አይቆልፍም፣ ፀጉር ቤቱ የት ነው፣ ልብስ ሰፊው የት ነው፤ ከተማ በከተማ ተዘርዝሯል። ሆቴል በሌለበት ከተማ ብዙ ጊዜ የሚገኘው የአንዲት እመቤት ስምና አድራሻ ነው፤ ትርፍ ክፍሏን ለመንገደኛ የምታከራይ። የኤሶ ነዳጅ ማደያዎች መጽሐፉን ይሸጡት ነበር። ግሪን በ1960 ሲሞት ሚስቱ አልማ ሥራውን ቀጠለች። ግሪን ገና በመጽሐፉ መግቢያ ላይ ይህ መምሪያ የማያስፈልግበት ቀን እንዲመጣ ተመኝቶ ነበር። በ1964 የሲቪል መብቶች ሕግ ሲወጣ ሆቴልና ምግብ ቤት ሰውን በቀለሙ ማባረር ተከለከለ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ መጽሐፉ መታተሙን አቆመ።

መጽሐፉ ለፒያኒስት የተጻፈ አልነበረም። ለአስተማሪው፣ ለነርሷ፣ ለፋብሪካ ሠራተኛው፣ እናቱን ሊቀብር ከቺካጎ ወደ አላባማ ለሚነዳው ሰው ነበር። እነዚህ ሰዎች ስንቃቸውን በካርቶን ቋጥረው፣ መጸዳጃ የሚሆን ባልዲ ከኋላ ጭነው፣ ትርፍ ቤንዚን ይዘው ነበር የሚጓዙት። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ጥቁር እንዳይገኝባቸው የሚከለክሉ ከተሞች ስለነበሩ ሰዓት እየቆጠሩ ይነዱ ነበር፤ ከተሞቹ ደግሞ በደቡብ ብቻ አልነበሩም።

ካንዳሲ ቴይለር የተባለች ጸሐፊ ስለዚህ መጽሐፍ ጥሩ ሥራ ሠርታለች። እሷ ከእንጀራ አባቷ የሰማችውን ልንገራችሁ። ልጅ ሳለ ከአባትና ከእናቱ ጋር በመኪና ሲሄዱ ፖሊስ ያስቆማቸዋል። መኪናው የማነው ይላል። አባትየው የአሠሪዬ ነው ይላል። ሴትዮዋስ? የቤት ሠራተኛቸው ናት፣ ወደ ቤቷ እያደረስኳት ነው፤ ልጁም የእሷ ነው። ኮፍያህስ የታለ ይለዋል ፖሊሱ። ከኋላ ተሰቅሏል ይላል አባት። በእርግጥም የሾፌር ኮፍያ ከኋላ ወንበር በላይ ተሰቅሎ ነበር። ልጁ ያ ኮፍያ ለምን እንደተሰቀለ እስከዚያች ቀን አያውቅም ነበር። አባቱ የገዛ መኪናውን ይነዳል፤ ግን የራሱ ሚስት ባል፣ የራሱ ልጅ አባት መሆኑን ክዶ የሰው ሾፌር ነኝ ማለት ነበረበት።

ይህን ካነበብሁ በኋላ ፊልሙን እንደ በፊቱ ማየት አልቻልሁም። «ግሪን ቡክ» የሚል ስም የያዘ ፊልም ሊሠራ የሚገባው ስለዚያ ኮፍያ ነበር። የተሠራው ጥቁር ስለሚነዳ አንድ ነጭ ነው፤ በዚያ ዘመን ከሺህ አንድ ስለማይገጥም ነገር።

ልዩ የሆነን ሰው እያነሡ ሥርዓቱን መርሳት የሆሊውድ ብቻ ፈሊጥ አይደለም፤ የራሱ የሥርዓቱ መንገድ ነው። በ1961፣ ሸርሊና ቶኒ ከመነሣታቸው አንድ ዓመት ቀድሞ፣ የቻድ አምባሳደር አዳም ማሊክ ሶው ከኒው ዮርክ ወደ ዋሽንግተን በ40 ቁጥር አውራ ጎዳና ሲያልፉ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ምግብ ቤት አላስተናግድም አላቸው። በዚህ መንገድ ላይ የተመሳሳይ ውርደት የደረሰባቸው የአፍሪካ ዲፕሎማቶች ብዙ ነበሩ። ዘመኑ የቀዝቃዛው ጦርነት ነውና ዋይት ሐውስ ተጨነቀ፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ራሳቸው ለምን በአውሮፕላን አይሄዱም ብለው ነበር ይባላል። የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ ባለ ምግብ ቤቶቹን እየዞረ ለመነ። የለመነው ግን መጀመሪያ ላይ ለዲፕሎማቶቹ ነው። የአገሩ ጥቁር ዜጋ እዚያው በር ላይ እንደቆመ ነው።

የባልቲሞር «አፍሮ አሜሪካን» ጋዜጣ ሰዎች ያኔ ያደረጉት ለእኔ ከኦስካሩ ፊልም ይበልጣል። በነሐሴ 1961 ሦስት ጥቁር ጋዜጠኞች ካባና ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ሊሞዚን ተከራይተው፣ «ጎባን» ከተባለ አገር የመጣን ባለሥልጣናት ነን ብለው በ40 ቁጥር ጎዳና ወጡ። ጎባን የሚባል አገር የለም፤ የፈጠሩት ነው። በአሜሪካዊነታቸው ቢመጡ የሚያባርሯቸው ምግብ ቤቶች አንዳንዶቹ ወንበር ስበው አስቀመጧቸው። ታሪኩ በጋዜጣው ወጣ፤ አገር ሳቀ። ተቃዋሚ ተማሪዎች ደግሞ በዚያው ዓመት ጎዳናው ላይ ወጥተው ይቀመጡ፣ ይታሰሩ ጀመር።

የእኛም ሰው ከዚህ አላመለጠም። ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሳሉ፣ በ1948፣ ፕሬዚዳንት ትሩማን ንግግር በሚያደርጉበት አንድ ስብሰባ ላይ በኮንስቲቲዩሽን አዳራሽ ለዲፕሎማቶች ከተመደበው ቦታ እንዲነሡ ተጠየቁ። ትተው ወጡ። በ1939 ማሪያን አንደርሰን የተባለችውን ጥቁር ድምፃዊት አላስዘፍንም ብሎ የታወቀው አዳራሽ ይኸው ነው። ኋላ ለልዑሉ ይቅርታ ተጠየቀ። ይህን ታሪክ ስናወራ ብዙ ጊዜ «ንጉሣዊ ቤተሰብ መሆናቸውን ሳያውቁ» እያልን ነው። ቢያውቁ ደኅና ነበር እንደማለት። እኔም በ2019 የጻፍሁት ያንን ነበር፤ ሸርሊ ዶክተር መሆኑን፣ ስምንት ቋንቋ እንደሚናገር፣ ቤቱ ከካርኔጊ አዳራሽ በላይ መሆኑን ደርድሬ «እንዲህ ያለውን ሰው እንኳ» ብዬ ነበር። እንዲህ ያልሆነውንስ?

አሁን የስፓይክ ሊን ቀልድ ልፍታ። በ1990 ምርጥ ፊልም የሆነው «ድራይቪንግ ሚስ ዴዚ» ነበር፤ አንዲት አሮጊት ነጭ እመቤትና ጥቁር ሾፌራቸው ቀስ በቀስ ወዳጅ ስለመሆናቸው። በዚያው ዓመት ስፓይክ ሊ ስለ ብሩክሊን አንድ ጎዳናና ፖሊስ አንቆ ስለገደለው ወጣት የሚናገረውን «ዱ ዘ ራይት ቲንግ» ሠርቶ ነበር፤ ለምርጥ ፊልም ዕጩ እንኳ አልሆነም። ወደ ኋላ ብትሄዱም ያው ነው። በ1968 ያሸነፈው «ኢን ዘ ሂት ኦፍ ዘ ናይት» ነው፤ ሥነ ሥርዓቱ ማርቲን ሉተር ኪንግ በመገደሉ ሁለት ቀን ተላልፎ ነበር። ጥሩ ፊልም ነው፤ በጥፊ የተመታው ጥቁር መርማሪ ባለ እርሻውን መልሶ በጥፊ ይመታዋል። ሲድኒ ፖይቲየር ግን ለዕጩነት አልቀረበም፤ ምርጥ ተዋናይ የሆነው ቀስ በቀስ የሚለወጠውን ነጭ ፖሊስ የተጫወተው ሮድ ስታይገር ነው። ታሪኩ የሚሆነው ሚሲሲፒ ነው፤ ፖይቲየር ግን ደቡብ ሄዶ ለመቀረጽ ስላመነታ አብዛኛው የተቀረጸው ኢሊኖይ ውስጥ ነው። «ግሪን ቡክ»ም ለሽልማት ሲቀርብ ሾፌሩን በዋና ተዋናይ፣ ፒያኒስቱን በረዳት ተዋናይ ዘርፍ አቀረበ። አጎቴ የጠየቁኝን ጥያቄ ፊልሙ በራሱ ማመልከቻ ላይ መልሶት ኖሯል።

ታዲያ ውዳሴው ይገባዋል ወይ? ለማኸርሻላ አሊ የተሰጠው ይገባዋል፤ ሁለት መቶ ጊዜ። ለሳቁም፣ ለቪጎ ሞርተንሰን ሆድም ይገባዋል። የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ስለ ዘረኝነት እውነቱን ነገረን መባሉ ግን አይገባውም። ሳይዋሽ እንኳ ያሳየን ዘረኝነት የባለጌ ሰው ጠባይ ነው፤ ጥሩ ሰው ሲገጥመው የሚለቅ። በ40 ቁጥር ጎዳና ላይ የነበረው ግን በር ላይ የተለጠፈ ደንብ ነው፤ ባለ ምግብ ቤቱ ጨዋ ሆነም ባለጌ ያስፈጽመዋል። ፊልሙ ሰዎችን ያቀራርባል የሚሉ አሉ፤ እኔም ብዬ ነበር። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ባለቀስሁበት ሌሊት የቀረብሁት ከቶኒ ጋር ነው።

ይህን ሁሉ ከመጻፌ በፊት ለጋሼ ደውዬ ነበር። ታክሲውን ትተዋል፤ አሁን ጉልበታቸው ያማቸዋል። አንድ ያልጠበቅሁትን ነገር ነገሩኝ። «ስትጽፍ ይሄንንም ጻፍ፤ ስሜን አትጥራ እንጂ። እኔም መጀመሪያ ዓመታት ማታ ማታ ለጥቁሮቹ አላቆምም ነበር። እኛ እንዲያ ነበር የምንላቸው፣ ‹ጥቁሮቹ›፤ እኛ ሌላ ቀለም እንዳለን። አንድ ጊዜ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ጫንኩ። ስለ ዓድዋ ከእኔ የበለጠ ያውቃል። እንደ ወንድሜ ተጨዋውተን ወረደ። እንግዲህ እንደ ፊልሙ ቢሆን በዚያው መለወጥ ነበረብኝ አይደል? በማግስቱ ማታ ጃኬት የለበሰ ጎረምሳ እጁን ሲያነሣ አልፌው ሄድሁ።»

«ታዲያ መቼ ነው ማቆም የጀመሩት?»

«ሲቀጡኝ። አስመሳይ ተሳፋሪ አቁመው ያዙኝ። የሁለት ቀን ገቢዬ ሄደ። ከዚያ በኋላ ለማንም አቆማለሁ። ካቆምሁ በኋላ ነው ሰዎቹን ያወቅኋቸው።»

«ግሪን ቡክ»ን እስካሁን አልጨረሱትም፤ እትዬ ግን ሦስት ጊዜ አይታ ሦስቴም አልቅሳለች። የጎባኑን ታሪክ ስነግራቸው ስልኩ እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «እሱን ፊልም አድርገውታል?» አሉኝ።

እኔ እስከማውቀው አላደረጉትም አልኋቸው።

«ሲሠሩት ንገረኝ። ትኬት እገዛለሁ፤ በፍላሽ አይደለም።»